«ኪቦርዱ ደህና ነው» ላለን የደብረ ማርቆስ ልጅ ምስጋና

አባቴ አማኑኤል ከተማ ነው የሚኖረው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ የእድሩ ጸሐፊ። ስትሮክ ግራ እጁን ከያዘው ሁለት ዓመት ሆነው። ቀኙም ይንቀጠቀጣል። ቃለ ጉባኤውን ግን ለማንም አይሰጥም። በአሮጌ ላፕቶፕ፣ በአንድ እጅ፣ ፊደል በፊደል ይለቅማል።

ባለፈው ወር ኪቦርዱ ዝም አለ። ደብረ ማርቆስ ይዤው ሄድሁና አንድ ጥገና ቤት አሳየሁ። «ኪቦርዱ ሞቷል» አሉኝ። በ900 ብር የሚሰካ አዲስ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስሰካው እሱም ዝም! ስመለስ ደግሞ «ፎርማት ይደረግ» ተባልሁ፤ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። የስንት ዓመት የእድር መዝገብ ያለበትን! ላፕቶፑን አቅፌ ወጣሁ።

ወደዚህ ልጅ የመራችኝ ጓደኛዬ ናት። ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። ላፕቶፑን አልፈታም። «እህቴ፣ የሚጠቀሙበት ማን ናቸው? እሳቸውን አምጪልኝ» አለኝ። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ የታመመ ሰው በሚኒባስ ማንገላታት ቀላል ነው እንዴ?

አባቴን አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየው ጀመር። ከዚያ «መምህር፣ ሲያስቡ ጣትዎን የት ነው የሚያሳርፉት?» አለው። ለካ ቀኙ ሺፍት ላይ ነው! ዊንዶውስ ቀኝ ሺፍት 8 ሰከንድ ከተያዘ «ፊልተር ኪስን ላብራ?» ብሎ ይጠይቃል። አባቴ የመጣበትን መስኮት ለመገላገል «የስ» ብሎታል። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ነካ ተደርጎ የተለቀቀን ቁልፍ አይቆጥርም። አዲሱም ኪቦርድ ዝም ያለው ለዚህ ነው።

አጥፍቶት ቢሸኘን ይበቃን ነበር። እሱ ግን የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«U» ፊደል ጋር ነክቶ ማስተካከያውን ከፈተና ከአባቴ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ነካ ተደርጎ የተለቀቀን ቁልፍ የማይቆጥረውን አጠፋ። ጣቱ ተንቀጥቅጦ አንዱን ፊደል ቶሎ ቶሎ ቢደጋግመው እንደ አንድ እንዲቆጠር አደረገ። አንዳንድ የአማርኛ ፊደል ሁለቴ በመንካት ስለሚገኝ ግን ድግግሞሹ የማይቆጠርበትን ጊዜ አሳጠረው። አባቴን እያስሞከረ፣ እያሳጠረ፣ እንደገና እያስሞከረ።

«ስቲኪ ኪስ» የሚሉትን ሲያበራ ግን እኔም አፌን ያዝሁ። አባቴ በሚጠቀምበት የአማርኛ መጻፊያ ጠ፣ ጨ፣ ኘ ሺፍት ይፈልጋሉ። በአንድ እጅ እንዴት ይሆናል? እስከዚያ ድረስ «ነይ ያዥልኝ» እያለ እናቴን ከቡናዋ ያስነሳት ነበር። አሁን ሺፍትን ነክቶ ይለቃል፣ ቀጥሎ ፊደሉን ይነካል። በቃ! ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲነካ ስቲኪ ኪስ ራሱን የሚያጠፋበት ምርጫም አለ፤ ልጁ እሱንም አጠፋው፤ የአባቴ ጣት ሁለት ቁልፍ ላይ ማረፉን አይቶ ነዋ።

ስንት ልክፈል ብለው 150 ብር አለኝ። አባቴ «አንተ ልጅ፣ ይኼማ ለሚኒባስም አይሆን» ብሎ ተቆጣው። ጨምረን ሰጠነው፤ በግድ ነው የተቀበለን።

ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይሞላዋል። ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ አለዚያ ይመልሳችኋል።