የእናቴን ድድ ላከሙ ሐኪም፦ ምስጋናና ጥቆማ

የእናቴን የድድ በሽታ ያከሙልን የጥርስ ሐኪም በአደባባይ ስማቸው እንዲነሳ ስላልፈቀዱ ስማቸውን አልጽፍም፤ ሥራቸው ግን ሳይመሰገን እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

እናቴ ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር ድዷ ይደማ ነበር። ድዱ ቀልቶ አብጧል፣ ጥርሶቿ የረዘሙ ይመስላሉ፣ በመካከላቸውም ክፍተት ታይቷል፤ ሕመም ግን አልነበራትም። በሽታው ብዙዎችን የሚያዘናጋው ጥርስን የያዘውን አጥንት ያለ ሕመም እየጎዳ ረጅም ጊዜ መቆየት ስለሚችል ነው። ቀደም ሲል ያያት ባለሙያ የሚነቃነቁት ጥርሶች ይነቀሉ ከማለት በቀር ምንም አላስረዳንም።

እኚህ ሐኪም ግን በመለካት ጀመሩ። ሚሊሜትር የተሰመረበት ቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በ6 ቦታ ወደ ድዱ ውስጥ ቀስ አድርገው እያስገቡ ጥልቀቱን አስመዘገቡ፤ እስከ 3 ሚሊሜትር ያለው የጤና እንደሆነ፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ባክቴሪያ የሚከማችበት ኪስ መፍጠሩን ሊያመለክት እንደሚችል ነገሩን። የአጥንቱንም መውረድ በራጅ አሳዩን። የተቆጣው ድዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጽዳት ሙሉ በሙሉ ይመለስ እንደነበር፣ የጠፋ አጥንት ግን በጽዳት ብቻ ተመልሶ ስለማይበቅል ዓላማችን የቀረውን ማቆየት እንደሆነ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። እኔ ያመንኳቸው ያን ጊዜ ነው።

የስኳር በሽታና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን ስለሚያባብስ እናቴ ስኳሯን እንድትመረመር አደረጉ። አጫሹ ወንድሜ «የእኔስ ድድ አይደማም» ቢል፣ ሲጋራ መድማቱን ሊደብቅ ስለሚችል አለመድማቱ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም ብለው እሱንም ለምርመራ ቀጠሩት።

ሕክምናው በማደንዘዣ፣ በተለያዩ ቀጠሮዎች፣ ከድድ በታች የደረቀውን የጥርስ ድንጋይ ጠርጎ ሥሩን ማለስለስ ነበር። አንቲባዮቲክ እንዲያዙልን ብጠይቅ፣ ጥርሱ ላይ የደረቀውን ድንጋይ ክኒን ሊያነሳው እንደማይችል አስረዱኝ። እብጠቱ ሲቀንስ ጥርሶቹ ይበልጥ ረዝመው እንደሚታዩና ለጊዜው ቅዝቃዜ ሊሰማቸው እንደሚችል አስቀድመው ስለነገሩን፣ በደረሰ ጊዜ አልደነገጥንም። በጥርሶች መካከል የምትገባውን ትንሿን ብሩሽ አያያዝ ደግሞ እናቴ በትክክል እስክትይዘው ድረስ ደጋግመው አስተማሯት፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ የሚሰጥ ሐኪም ብዙ አላየሁም።

ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሲለኩ አብዛኛዎቹ ኪሶች ቀንሰዋል፣ መድማቱም ቆሟል። አንድ መንጋጋ ጥርስ ሊተርፍ ባለመቻሉ ተነቅሏል። ሌሎቹ አሉ፤ እናቴም በየ3 ወሩ ለክትትል ትመለሳለች።

ድዱ የሚደማ ወይም ጥርሱ መነቃነቅ የጀመረ ሰው ወደ እኚህ ሐኪም እንዲሄድ በሙሉ ልብ እጠቁማለሁ፤ አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ወደ ሌላ ሐኪም የሚሄድም ቢሆን የኪሱ ጥልቀት ተለክቶ እንዲመዘገብለት ይጠይቅ። ዶክተር፣ እናቴና መላው ቤተሰባችን ከልብ እናመሰግንዎታለን።