ገመድ፣ ቀበቶ ወይስ ሰንሰለት? ለፒካፕና ለተሳቢ የጭነት ማሰሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ የጭነት ማሰሪያ የሚገዛ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወይ ዋጋ ነው ወይ ውፍረት። "ወፍራሙን ስጠኝ" ይላል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት ባይ ነኝ። ምን ትጭናላችሁ? በየት በኩል ትሄዳላችሁ? መኪናችሁ ላይስ የምታስሩት ምን ላይ ነው? ከቅዳሜ ገበያ ማራኪ ድረስ ፍራሽና ቁም ሣጥን የሚያመላልስ ፒካፕና ትራክተር ጭኖ ወደ መተማ የሚወርድ ተሳቢ አንድ ዓይነት ማሰሪያ አያስፈልጋቸውም።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ሲወርዱ ኩርባው በኩርባ ላይ ነው፣ ፍሬን ሳይነካ የሚታለፍ ቦታ የለም። በአይከል በኩል ወደ መተማ ሲወርዱ የቆላው ፀሐይ ሸራውንም ገመዱንም ይበላዋል። ወደ ባሕር ዳር ያለው ይሻላል ቢባል እንኳ በየከተማው ስፒድ ብሬከር አለ፤ እሱን በዘለላችሁ ቁጥር ጭነቱ ለአፍታ ከወለሉ ይነሳል፣ ማሰሪያውም ትንሽ ትንሽ ይላላል።

ለመሆኑ ማሰሪያው የሚቋቋመው ጉልበት ምን ያህል ነው? ኢኤን 12195 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ለመኪና ጭነት እንዲህ ያሰላል፦ ወደፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ። በቀላሉ ሲነገር፣ 10 ኩንታል ጭናችሁ ድንገት ፍሬን ብትይዙ 8 ኩንታል የሚያህል ግፊት ወደ ጋቢናው ይመጣል። ከጋቢናው ውስጥ ደግሞ እናንተና ረዳታችሁ አላችሁ። ስለዚህ ነገሩ የዕቃ ብቻ አይደለም።

ገመድ ከገመድ

ከገመድ ልጀምር፤ አብዛኞቻችን የምንገዛው እሱን ነውና። በየሱቁ ተጠቅልሎ የሚሸጠው የሚያብረቀርቀው ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃ አይጠጣም። ጠላቱ ፀሐይ ነው። ካሶኒ ላይ ተጥሎ የከረመውን ገመድ አንስታችሁ እሹት፤ ክሩ እየተሰበረ መዳፋችሁ ላይ ብናኝ ይቀራል። ያ ገመድ አልቆለታል፤ ሲያዩት ወፍራም ስለሆነ ብቻ አትመኑት። በዚያ ላይ ያንሸራትታል፣ ቋጠሮው በራሱ ጊዜ ይፈታል።

ናይለን ጠንካራ ነው፤ ግን ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ የበለጠ። ጠዋት ጥርስ ነክሳችሁ ያሰራችሁት ክረምት ላይ ዝናብ ሲመታው ማክሰኚት ሳትደርሱ ላልቶ ታገኙታላችሁ። መኪና ለመጎተት ግን መለጠጡ ይጠቅማል፣ ንጥቂያውን ያለዝባል። ቃጫ ቋጠሮ አጥብቆ ይይዛል፤ ችግሩ እርጥበት ያበሰብሰዋል። ለጭነት ማሰሪያ ከሁሉም የምመርጠው ፖሊስተር ገመድ ነው፦ ብዙ አይለጠጥም፣ ፀሐይንም የተሻለ ይችላል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ይከፈልለት።

ሻጩ "ናይለን ነው" ቢላችሁና ብትጠራጠሩ መፈተኛ አለ። ጫፉን ትንሽ ቆርጣችሁ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ክተቱት፣ አየሩ እንዲወጣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። ፖሊፕሮፒሊን ተመልሶ ይንሳፈፋል።

ገመድ ለምን ይሆናል? ለጆንያ። ጤፍ፣ ሰሊጥ፣ ሽንኩርት፣ በስፖንዳ ውስጥ ተደርድሮ ሸራ ከለበሰ በኋላ ከጋንጮ ወደ ጋንጮ እየተመላለሰ የሚታሰር ገመድ ጥሩ ሥራ ይሠራል። እንዲያውም እዚህ ላይ ገመድ ከቀበቶ ይበልጣል፤ ረጅም ነው፣ ጭነቱን በብዙ ቦታ ይይዛል፣ ጆንያ ደግሞ በመንገድ ላይ እየተቀመጠ ስለሚሄድ በየቦታው እየቆሙ ማጥበቅ ይቀላል። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ቋጠሮ ራሱ የገመዱን አቅም ይቀንሳል፣ እንደ አቋጣጠሩ እስከ ግማሽ ገደማ። ማቀዝቀዣ፣ ጄኔሬተር፣ የወፍጮ ሞተር ሲሆን ገመዱን ተዉት።

ባለ ዘለበት ቀበቶና ባለ ራቼት ቀበቶ

ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸው፣ ሁለቱም በብዛት ከፖሊስተር ይሠራሉ፣ ሲታዩም ይመሳሰላሉ። ባለ ዘለበቱ በእጅ ይሳባል፣ ጥርሱ ይይዘዋል፣ በቃ። ከክንዳችሁ በላይ አይጠብቅም። ድክመቱ ይሄ ነው፣ ጥቅሙም ይሄው ነው፤ ሞተር ሳይክል፣ ቁም ሣጥን፣ የውሃ ታንከር ጨፍልቆ አያበላሽም። ሞተር ሳይክል ለሚጭን ሰው እኔ አራት ባለ ዘለበት እመርጣለሁ፦ ሁለቱ የፊቱን ሹካ ወደ ታች ጎትተው ሞላውን ትንሽ የሚያስጎነብሱ፣ ሁለቱ ከኋላ።

ራቼቱ እጀታው ሲመላለስ ቀበቶውን በበርሜሉ ማለትም በሚዞረው ዘንጉ ላይ ይጠመጥማል፣ ከእጅ ጉልበት ብዙ እጥፍ ያጠብቃል። ጠጣርና ከባድ ዕቃ ለሚጭን ፒካፕ ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም። ቀበቶው በበርሜሉ ላይ ቢያንስ አንድ ዙር ተኩል ይኑረው፣ ከሦስት ዙር በላይ ግን አታስኪዱት። እጀታው ላይ ቱቦ ቀጥሎ መጫን ደግሞ ቀበቶውንም ጥርሱንም መግደል ነው። የተበጠሰውን ቋጥሮ መጠቀምም እንዲሁ፤ ቋጠሮ ያለበት ቀበቶ ከመኪናው ላይ ይውረድ።

አሁን ዋናው ነገር ይምጣ፣ ሌብሉ። ቀበቶው ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች። ሰማያዊ ከሆነች ፖሊስተር፣ አረንጓዴ ከሆነች ናይለን፣ ቡናማ ከሆነች ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። ላይዋ ላይ "ኤል ሲ" ከሚሉት ፊደላት አጠገብ ቁጥር ታያላችሁ፤ የቀበቶው የማሰር አቅም ነው፣ በዴካ ኒውተን የተጻፈ፤ 1 ዴካ ኒውተን በግርድፉ 1 ኪሎ ብላችሁ ያዙት። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደው ቀበቶ ቀጥ ብሎ ሲታሰር 2500፣ ዕቃውን ዞሮ ሲመለስ 5000 ይላል። ፕላስቲኩ ላይ በትልቁ "5 ቶን" ብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይሄን የሁለተኛውን ቁጥር ወይም መበጠሻውን ነው። መበጠሻው የሥራ አቅም አይደለም።

ከዚያ በታች "ኤስ ቲ ኤፍ" የሚል ሌላ ቁጥር አለ፤ ራቼቱን በእጅ ስታጠብቁ ቀበቶው ላይ የሚቀረው ውጥረት ነው፣ ብዙ ጊዜ 300 አካባቢ። ይሄንን ማንም አያየውም፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ምክንያቱም ቀበቶውን ከዕቃው በላይ አሳልፋችሁ በሁለቱ ጎን ስታስሩ፣ እኛ ሁላችን እንደምናደርገው ማለት ነው፣ ዕቃውን የሚይዘው ወደ ታች የሚጫነው ግፊት ብቻ ነው። 2.5 ቶን የሚለው ቀበቶ ያኔ 2.5 ቶን አይዝም። የሚጫነው በራቼቱ ያጠበቃችሁትን ያህል ነው።

በቁጥር እንየው። 4 ኩንታል የሚመዝን የወፍጮ ሞተር ባዶ ላሜራ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ቀበቶ ከላይ አሳለፋችሁበት። ፍሬን ሲያዝ 320 ኪሎ የሚያህል ግፊት ወደፊት ይመጣል። ብረት በብረት ላይ በጣም ያንሸራትታል፤ ወደ ታች ከሚጫነው ክብደት 20 በመቶ ያህሉን ቢይዝ ነው። የሞተሩ ክብደት 400፣ ቀበቶው በሁለት ጎኑ 300 300 ቢጎትት 600፣ ድምሩ 1000፤ የዚያ 20 በመቶ 200 ነው። 320 መጥቶ 200 ብቻ ይያዛል። ሞተሩ ይሄዳል። አሁን ያንኑ ሞተር በዚያው ቀበቶ፣ ግን ከሥሩ ለጭነት የተሠራ ንጹሕ የላስቲክ ምንጣፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የላስቲኩ መያዝ ወደ 60 በመቶ ይወጣል፣ 600 ማለት ነው። ሞተሩ ንቅንቅ አይልም።

ስለዚህ ሁለተኛ ቀበቶ ከመግዛታችሁ በፊት ላስቲክ ግዙ። የተሠራው ምንጣፍ ካልተገኘ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ከባዶ ላሜራ በብዙ ይሻላል፤ ዘይትና አቧራ ግን አይኑርበት። ከዚያ በኋላም ቀበቶው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢላላ ሌላው እንዲኖር።

አሳሰሩም ለውጥ አለው። ቀበቶው ወደ ቁም በቀረበ ቁጥር ይጫናል፣ በተጋደመ ቁጥር ይደክማል። ከወለሉ 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ግማሽ ጉልበቱ ጠፍቷል። ዝቅ ያለና ሰፊ ዕቃ ስትጭኑ ከላይ ከማሳለፍ ይልቅ ከዕቃው አራት ማዕዘን ወደ አራቱ የመኪናው ማዕዘን በቀጥታ ሳቡት፤ ያኔ 2500 የሚለው ቁጥር ሥራ ላይ ይውላል።

ቆርቆሮና ቱቦላሬ ለብቻው ይነገር። የቆርቆሮ ጠርዝ የተወጠረ ቀበቶን ይቆርጣል፣ ያውም ሳይታወቅ፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይገዘግዘዋል። ጠርዙ ላይ የጎማ ቁራጭ ወይም ወፍራም ካርቶን አድርጉ። ቱቦላሬና ፌሮ ደግሞ ከላይ በተጣለ ቀበቶ ብቻ አይያዝም፤ ከመሃሉ ሾልኮ ወደ ጋቢና የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ እስሩን በቀበቶ ጠምጥማችሁ አንድ አካል አድርጉት፣ የፊቱን ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፉት፣ ከዚያ ወደ መኪናው እሰሩ።

ቀበቶ ከሰንሰለት

ሰንሰለት ጠርዝ አይቆርጠውም፣ አይለጠጥም፣ ፀሐይም ምንም አያደርገውም። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ቀለም ይልጣል። ለትራክተር፣ ለሎደር፣ ለብረታ ብረት ማሽን ሌላ አማራጭ አትፈልጉ። ለፒካፕ ግን ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ነው።

እዚህም ውፍረት ያታልላል። ለበርና ለውሻ የሚሸጥ ሰንሰለት ለጭነት አይደለም። የጭነት ሰንሰለት ቀለበቱ ላይ 7፣ 70፣ 8 ወይም 80 የሚል ምልክት ተመትቶበታል። 80 የሚለው 8 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት 4 ቶን ያህል፣ 10 ሚሊ ሜትሩ 6.3 ቶን ያህል ለማሰር ይሆናል። ምልክት ከሌለው አልገዛም፣ እናንተም አትግዙ።

ማወጠሪያውም ሁለት ዓይነት ነው። በአንድ ምት የሚገለበጠው ባለ ማንሻ ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው፤ ሲለቀቅ ግን ተመልሶ ፊት ይመታል። የሚዞረው ባለ ራቼት ቀስ ብሎ ይጠብቃል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። ለረዳታችሁ ስትሉ ሁለተኛውን ግዙ።

ወደ መተማና ሑመራ እርሻዎች ትራክተር የምታወርዱ አራቱንም ማዕዘን ለየብቻ እሰሩ፤ በአሜሪካ ሕግ ከ4.5 ቶን በላይ ለሆነ ከባድ ማሽን ቢያንስ አራት ማሰሪያ ግዴታ ነው። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ማረሻው ወርዶ፣ ጎማው ታኮ ተደርጎለት።

የጎማ ከመነዳሪና ባለ ጋንጮ ላስቲክ

ሸራ ለመወጠር ጥሩ ናቸው። ጭነት ለማሰር አይደሉም። ላስቲክ ዕቃውን እንዲሄድ ይፈቅድለታል፣ ከዚያ መልሶ ይጎትተዋል። ሲላቀቅ ደግሞ ጋንጮው የሚያርፈው ዓይን ላይ ነው።

ያሰራችሁበት ነገር

ጥሩ ቀበቶ በሙሉ ልቡ አምኖ የሚገዛ ሰው ፒካፑ ላይ የሚያስረው ቀጭን ላሜራ ላይ በብሎን የተያዘች ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ቀበቶው 2500 ይችላል፣ ቀለበቷ የዚያን ሩብ እንኳ አትችል ይሆናል። የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ፣ የቀለበቱን አቅም የሚጽፉ አሉ። ደካማ ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚህ ላይ አውጡት፤ ጎበዝ በያጅ ይዛችሁ ከሻሲው ጋር የተገናኘ ጠንካራ ቀለበት አስሠሩ። ስፖንዳው ላይ ማሰር ልማድ ሆኗል፣ ግን ስፖንዳ የተሠራው ለመከለል ነው።

ትንሽ ተሳቢ ለምትጎትቱ ደግሞ አቀማመጡ ከማሰሪያው እኩል ነው። ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ከአክሰሉ ፊት ይሁን፣ በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያርፈውም ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ። ከኋላ ከከበደ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል፣ ያኔ ማንም ሾፌር አያቆመውም። ሁለቱ የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ።

ከጭነቱ በላይ ሰው ማስቀመጥን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ እባካችሁ። ከላይ ያወራነው ቀበቶ ሁሉ ለዕቃ ነው።

አሁን በኪሳችሁ ልክ። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነና ፒካፓችሁ የተቀላቀለ ዕቃ የሚጭን ከሆነ፣ መጀመሪያ ቀለበቶቹን አጠናክሩ፣ ቀጥሎ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ሌብል ያላቸው ሁለት 5 ሳንቲ ሜትር ባለ ራቼት ቀበቶዎች። ሁለት ቀበቶ ሲጨመር አራት ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ለፒካፕ እምብዛም አያስፈልግም። እህል ብቻ ከሆነ ሥራችሁ ጥሩ ሸራና ፖሊስተር ገመድ ይበቃችኋል። ማሽን የሚጭን ተሳቢ ያለው ሰው በቀበቶ ጀምሬ ወደ ሰንሰለት ልሸጋገር አይበል፤ ከሰንሰለቱ ይጀምር። ሱቅ ውስጥ ሌብሉን ሳታነቡ አትክፈሉ፣ ቀበቶውን ዘርግታችሁ ዳርና ዳሩን በጣት እየዳሰሳችሁ ሂዱ፤ የተቆረጠ ክር ካገኛችሁ መልሱት። ጭናችሁ ስትወጡም አዘዞ ላይ ቆም ብላችሁ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ያሰራችሁት ሁሉ እስከዚያ ድረስ ትንሽ ላልቷል።