የቱሉ ዲምቱው ልጅ፣ ክፉ አይንካህ

ይህን የምጽፈው ዝም ብል ሕሊናዬ እሺ ስላላለኝ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ አቃቂ የምትኖሩ፣ ፕሮጀክተር ገዝታችሁ የተቃጠላችሁ ሁሉ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ከገባ ጀምሮ ቤት ነው የሚውለው። የኛ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ማን ተሸክሞ ያውርደው? የአክስቱ ልጅ ፕሌይስቴሽን 4 አዋሰው። ቴሌቪዥናችን ትንሽ ናት፣ ለዚያውም ሳሎን። እቁብ ሲደርሰኝ "በቃ ፕሮጀክተር ልግዛለት፣ ከአልጋው ፊት ያለው ግድግዳ ላይ ይጫወት" አልኩ።

የገዛሁበትን ሱቅ ስም አልጠራም። "ይሄ 120 ሄርዝ ነው፣ ለጌም የተሠራ ነው" ብለው ከሌላው አስበልጠው ሸጡልኝ። ሄርዝ ምን እንደሆነ እኔ በምን አውቄ! ቤት ገብተን ስንከፍተው ምስሉ ያምራል። ልጄ ግን በዚያው ቀን "እማ፣ እኔ ስጫን ተጫዋቹ ቆይቶ ነው የሚመታው" አለኝ።

መልሼ ስወስደው "ልጁ ትልቅ ስክሪን ስላልለመደ ነው" አሉኝ። ሌላ ቦታ ወሰድኩት፤ ለመክፈቻ ብቻ 800 ብር ተቀብለው "ምንም የለውም" ብለው መለሱልኝ፣ ያልነበረበትን ጭረት ጨምረውበት። ሦስተኛው ባሰ። "የቤታችሁ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ከማሽኑ ጋር አልተስማማም" ብሎ የ4,500 ብር ስታቢላይዘር አስገዛኝ። ሰክተን ሞከርነው፣ ያው ነው። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን አንዳቸውም "ልጁ ምን ይላል?" ብለው አለመጠየቃቸው ነው። በመጨረሻ ራሱ ልጄ "ተይው እማ፣ ምናልባት እኔ ነኝ የማልችለው" ሲለኝ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ጎረቤቴ ናት "ቱሉ ዲምቱ እንዲህ ያለ ማሽን የሚጠግን አንድ ልጅ አለ" ያለችኝ። ደወልኩለት። "ማሽኑን ይዘው አይንገላቱ እናቴ፣ ሱቅ ስዘጋ እኔው እመጣለሁ" አለኝ። አመሻሽ ላይ አራት ፎቅ ወጥቶ መጣ።

መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ማሽኑን አልነካም። ወንበር ስቦ ልጄ አጠገብ ተቀመጠና "ጎበዝ፣ አንተ ንገረኝ፣ ምንድን ነው የሚሰማህ?" አለው። እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ጣቱንና ግድግዳውን አንድ ላይ በስልኩ በስሎው ሞሽን ቀረጸ። የስልኩ ካሜራ በሰከንድ 240 ምስል ያነሳል። ጆይስቲኩ ከተጫነበት ተጫዋቹ እስኪመታ ስንት ምስል እንዳለፈ ራሱ ልጄ እንዲቆጥር አደረገው። 48። ትንሿን ቴሌቪዥን ከሳሎን አምጥቶ በእሷም ሞከሩ፤ 25።

"አየህ? ልክ ነበርክ። የዘገየው ጣትህ አይደለም፣ ማሽኑ ነው" አለው።

የልጄን ፊት ብታዩት! ለስንት ሳምንት ያላየሁትን ፈገግታ ያን ማታ አየሁት።

እኔ በገባኝ መጠን ነገሩ እንዲህ ነው። ሄርዝ ማለት ማሽኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ ያድሳል ማለት ነው፤ መዘግየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የኛ ፕሌይስቴሽን የሚልከው ቢበዛ 60 ስለሆነ፣ ተጨማሪ ብር ያስከፈሉኝ 120 ለእሱ ምንም አይጨምርለትም። የሚያዘገየው ማሽኑ ምስሉን ለማሳመር ይዞ ማቆየቱ ነው፦ በሁለት ምስሎች መካከል ከራሱ ምስል ፈጥሮ ይጨምራል፣ በጎን ስላስቀመጥነው ደግሞ የተንጋደደውን ያቃናል። ማሳመሪያውን ዘጋው፣ ጌም ሞድ የሚባለውን ከፈተ፣ ማሽኑንም ከቁም ሳጥኑ አውርዶ አልጋው ግርጌ ዱካ ላይ ግድግዳውን ቀጥ ብሎ እንዲያይ አደረገው። እንደገና ቆጠሩ። 27! ስለ ገመድም ብዙ ነግሮኝ ነበር፣ አልያዝኩትም።

መብራቱንስ? የሶኬቱ 50 ሄርዝ ከምስሉ ጋር አይገናኝም፣ ኤሌክትሪኩ ማሽኑ ውስጥ ተለውጦ ነው የሚሠራው አለኝ። ግን ሌላውን ሰው አላማም። "ስታቢላይዘሩን ለፍሪጅ ያድርጉት፣ ይጠቅምዎታል" ብሎ ራሱ ሰካልኝ።

ባለቤቴም ዕድሉን አገኘና "ፊልም ሳይ ካሜራው ሲዞር ይንገጫገጫል" አለው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ ፊልሙን የሚያይበት ላፕቶፕ የሚልከው 60 ደግሞ ለ24 እኩል አይካፈልም፤ ስለዚህ አንዱ ምስል 3 ጊዜ፣ ቀጣዩ 2 ጊዜ ይታያል። በ120 ግን እያንዳንዱ 5 ጊዜ ይደርሰዋል። ላፕቶፑን 120 ላይ አደረገለት፣ መንገጫገጩ ቀረ። ያ ብሬም ከንቱ አልቀረም ማለት ነው። የሳተላይት ስርጭቱ 50 ሆኖ ሳለ ዲኮደራችን 60 ላይ ነበር፤ እሱንም መለሰው፣ አሁን ኳሷ ሜዳው ላይ ሳትቆራረጥ ትንከባለላለች።

ከቡናው እስከ በረካ ጠጣ። ሂሳብ ስለው 300 ብር አለ። ጨምሬ ባስይዘው እምቢ አለኝ። አዲስ ማሽን ግዙ ሊለኝ፣ ሊሸጥልኝም ይችል ነበር፤ እኔ እንደሆንኩ አምኜ እገዛ ነበር።

እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አማክሩት። የገዛችሁም ከመጣላችሁ በፊት እሱን ጥሩት። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ መፍታት የለበትም። ልጄ፣ እናት የወለደችህ ትባረክ፣ እጅህ አይዛል፣ እንጀራህ ይስፋ።

ስሜን አትጻፉ ስላለኝ ነው ያልጻፍኩት። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። እሁድ ግን አትደውሉለት፣ እሁድ እናቱ ጋ ነው የሚውለው።