«2 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሚሞሪ ካርድ፦ ለድሮ ጌም ወዳጆች ማስጠንቀቂያ

የድሮ ጌሞችን በትንንሽ ኮምፒውተሮችና በእጅ በሚያዙ መጫወቻዎች ላይ እየጫናችሁ የምትሠሩ ወገኖቼ ሁሉ፣ 1 ወይም 2 ቴራባይት (አንድ ቴራባይት 1,000 ጊጋባይት ነው) ይይዛል ተብሎ በጥቂት ዶላር የሚሸጠውን ማይክሮ ኤስዲ ሚሞሪ ካርድ፣ እንዲሁም «16 ቴራባይት» ወይም «30 ቴራባይት» የሚል ጽሑፍ የታተመበትን ርካሽ ውጫዊ ኤስኤስዲ (በገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የፋይል ማስቀመጫ) እንዳትገዙ፣ ለመግዛት ያሰበ ዘመድ ካላችሁም እንድታስቆሙት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዕቃዎቹ ጥራታቸው ዝቅ ያለ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እነዚህ ግን ስለ መጠናቸው ለኮምፒውተሩ ሐሰት እንዲናገሩ ታስቦበት የተዘጋጁ ናቸው፤ ገዢው የሚያጣውም የከፈለውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በላያቸው ያስቀመጠውን ፎቶ፣ ሰነድና ለዓመታት የሰበሰበውን የጌም ክምችት ጭምር ነው።

ዋጋው ራሱ ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ኤስዲኤክስሲ የተባለው የካርድ ደረጃ እስከ 2 ቴራባይት ድረስ ይፈቅዳል፤ በወረቀት ላይ የተፈቀደው መጠን ግን በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሆኖ ገበያ ላይ እስኪወጣ ብዙ ዓመታት ወስዷል። 1 ቴራባይት የሚይዝ ማይክሮ ኤስዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ሳንዲስክ በዚያው ዓመት ለሽያጭ ሲያቀርበው ዋጋው 450 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው በእጅጉ ወርዷል፤ ሆኖም ማንኛውም የታወቀ አምራች 1 ቴራባይቱን ካርድ በ5 ወይም በ10 ዶላር አይሸጥም፤ በውስጡ ያለው የሚሞሪ ቺፕ ብቻውን ከዚያ በላይ ያወጣልና። ሻጩ «ከፋብሪካ የተረፈ ነው» ወይም «ያለ ማሸጊያው የመጣ ኦሪጅናል ነው» ቢላችሁም ይህ ስሌት አይለወጥም።

ማጭበርበሩ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ «2 ቴራባይት» የሚለውን ቁጥር በስክሪኑ ላይ ሲያይ ልቡ ያርፋል። በእያንዳንዱ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው መረጃው በትክክል የሚቀመጥበት የፍላሽ ቺፕ ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረውና መረጃው የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ተቆጣጣሪ ቺፕ ነው። ኮምፒውተሩ የካርዱን መጠን ለክቶ አያውቅም፤ የሚጠይቀው ተቆጣጣሪውን ነው፤ የተነገረውንም እንዳለ ያምናል። አጭበርባሪዎቹ የሚለውጡት ይህን መልስ ነው። በውስጡ 32 ጊጋባይት ብቻ ያለውን ካርድ ተቆጣጣሪ «2 ቴራባይት አለኝ» እንዲል ያደርጉታል፤ ዊንዶውስም፣ ስልኩም፣ መጫወቻውም ያንኑ ቁጥር ይደግማሉ። ፎርማት ብታደርጉት እንኳ ያው 2 ቴራባይት ሆኖ ይመለሳል።

ችግሩ የሚመጣው እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን መረጃ አንዳንዶቹ ካርዶች ዝም ብለው ይጥሉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሰው በፊት በተጻፈው ላይ ይጽፉበታል። በሁለቱም ሁኔታ ለኮምፒውተሩ የሚሰጡት መልስ «ተቀምጧል» የሚል ነው። ሞዴል 19 እየቆረጠ ዕቃ የሚረከብ፣ መጋዘኑ ስለሞላ ግን ዕቃውን በጓሮ የሚጥል የንብረት ክፍል ሠራተኛን አስቡ፤ መዝገቡ ሙሉ ነው፣ መጋዘኑ ውስጥ ግን ዕቃው የለም። በካርዱም ላይ የፋይሎቹ ስም፣ መጠንና ቀን በትክክል ይታያል፤ ሲከፈቱ ግን ባዶ ወይም የተበላሹ ሆነው ይገኛሉ። ወደ መጀመሪያው ተመልሶ የሚጽፈው ዓይነት ከሁሉ የከፋ ነው፤ በካርዱ መጀመሪያ ላይ የሚገኘውንና የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበውን የፋይል ሰንጠረዥ፣ ራስፕቤሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ከሆነም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ጭምር ስለሚደመስሰው፣ ትናንት ይሠራ የነበረው መጫወቻ ዛሬ ጭራሽ አልነሳም ይላል። ባለቤቱም ጥፋቱን በመጫወቻው ላይ ይጥላል፤ ለጥገና የሚመጡ በርካታ «የተበላሹ» መጫወቻዎችን ጤነኛ ካርድ ስንከትባቸው ወዲያው ሲነሱ ያየን ሰዎች ይህን በሚገባ እናውቀዋለን።

ውጫዊ ኤስኤስዲ ተብለው የሚሸጡትም ከዚህ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2022 «30 ቴራባይት» ተብሎ የተሸጠ አንድ ሳጥን ሲከፈት፣ አሮጌና ዘገምተኛ በሆነው የዩኤስቢ 2.0 ሰርኪት ላይ በሙቅ ሙጫ የተለጠፉ ሁለት ጥቃቅን ማይክሮ ኤስዲ ካርዶች ተገኝተውበታል። ሳጥኑ በብረት የተሠራና ያማረ በመሆኑ የውስጡን አይገልጽም። ዩኤስቢ 3 ተብሎ የተሸጠላችሁ ዕቃ አንድ ትልቅ ፋይል ስትገለብጡበት ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ40 ሜጋባይት አልዘል ካለ፣ መጠኑንም ለመጠራጠር በቂ ምክንያት አላችሁ።

እኛን በተለይ የሚጎዳን ግን ዕቃው የሚደርሰን በረጅም መንገድ መሆኑ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ያለ ወጣት በውጭ አገር የሚኖር እኅቱን ወይም አጎቱን ይለምናል፤ ዘመዱ ከኦንላይን መደብር አዝዞ ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ፤ ዕቃው በሻንጣ ተይዞ ሲደርስም ወጣቱ ካርዱን ቀስ በቀስ ነው የሚሞላው። ብዙዎቹ የኦንላይን መደብሮች ዕቃ የሚመልሱት በ30 ቀን ገደማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጌሞቹ አልከፈት ማለት በሚጀምሩበት ጊዜ የመመለሻው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ሻጩም የሱቁን ስም ለውጦ ሊሆን ይችላል። ትልቅና የታወቀ መደብር ገጽ ላይ መታየቱም ዋስትና አይሆንም፤ በእነዚህ ገጾች ላይ የሚሸጡት አብዛኞቹ የራሳቸውን ዕቃ የሚያቀርቡ ሦስተኛ ወገኖች ናቸውና። በዕቃው ስር የምታነቧቸው ባለአምስት ኮከብ አስተያየቶችም ቢሆኑ፣ ከሐሰተኞቹ ሌላ፣ ብዙዎቹ ካርዱ በደረሳቸው ቀን ቁጥሩን ስክሪን ላይ አይተው የጻፉ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ካርዱን ሞልተው አላዩትም።

በመሆኑም የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ካርዱ በተገዛበት አገር፣ በገዛው ሰው እጅ፣ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይፈተሽ። ዘመዳችሁ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። በዊንዶውስ ላይ ቫሊድራይቭ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ቢያስኬድ፣ ፕሮግራሙ በካርዱ ላይ ተራርቀው የሚገኙ 576 ቦታዎችን እየጻፈና መልሶ እያነበበ በአጭር ጊዜ ውስጥ እውነተኛው ቦታ የት ላይ እንደሚያበቃ በቀለም ያሳየዋል። ሙሉውን ማረጋገጥ ለሚፈልግ ደግሞ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የሚታመነው ኤችቱቴስትደብሊው አለ፤ ይህ ባዶውን ካርድ በሚታወቅ መረጃ ከዳር እስከ ዳር ይሞላና እያንዳንዱን መልሶ በማንበብ ያነጻጽራል። ሊነክስ ወይም ማክ የምትጠቀሙ ኤፍ3 የተባለውን መጠቀም ትችላላችሁ። መጠናቸው ምክንያታዊ ለሆኑ ካርዶች፣ ለምሳሌ ለ64 ወይም ለ128 ጊጋባይት፣ ሙሉውን ፍተሻ እመርጣለሁ፤ መጠኑን ከማረጋገጡ በተጨማሪ በቺፑ ውስጥ ያሉ ደካማ የመረጃ ማስቀመጫ ሴሎችንም ያጋልጣልና። 2 ቴራባይት ነኝ የሚለውን ካርድ ግን በሴኮንድ 10 ሜጋባይት በሚጻፍበት ፍጥነት ለመሙላት ብቻ 55 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በቫሊድራይቭ ወይም በኤፍ3 ውስጥ ባለው ኤፍ3ፕሮብ በተባለው ፈጣን መሣሪያ መጀመር ይሻላል። ኤፍ3ፕሮብም ሆነ ሌላ ማንኛውም የመጻፍ ፍተሻ በካርዱ ላይ ያለውን መረጃ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

እዚህ ላይ ንጹሕ ሻጭ በሐሰት እንዳይወነጀል አንድ ነገር ላስታውስ። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ካርድ በዊንዶውስ ላይ 59 አካባቢ ቢያሳይ ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ ጊጋባይቱን በ1,000,000,000 ባይት ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,073,741,824 ስለሚቆጥር የሚፈጠር ልዩነት ነው።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ፣ ላፕቶፕና ካርድ ሪደር ይዛችሁ ሂዱና ከመክፈላችሁ በፊት ፈጣኑን ፍተሻ ሱቁ ውስጥ አድርጉ። ዕቃውን የሚያምን ሻጭ ለዚህ የምትወስዱበትን ጥቂት ደቂቃ አይነፍጋችሁም፤ የከለከላችሁን ሰው ዕቃ ትታችሁ ውጡ። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኙም ላይ «ሚሞሪ ካርድ» ብቻ ሳይሆን የመጠኑ ቁጥር እንዲጻፍ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መጠኑ ያልተጻፈበት ደረሰኝ ግን ምን እንደተባላችሁ ለማስረዳት ብዙ አይረዳችሁም።

ለመሆኑ ለድሮ ጌም ይህን ያህል ቦታ ማን ያስፈልገዋል? እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው። በ1991 የወጣው የሴጋው ሶኒክ ግማሽ ሜጋባይት ይሆናል፤ የሱፐር ኒንቴንዶ ትልልቆቹ ካሴቶች 6 ሜጋባይት፣ የጌም ቦይ አድቫንስ ደግሞ 32 ሜጋባይት ናቸው፤ በ1996 የወጣው ሱፐር ማሪዮ 64 እንኳ 8 ሜጋባይት ነው። በሰሜን አሜሪካ ለመጀመሪያው ኒንቴንዶ የወጡት 700 ያህል ጌሞች አንድ ላይ ቢሰበሰቡ ግማሽ ጊጋባይት አይሞሉም። ቦታ የሚበሉት በሲዲ የሚመጡት የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች፣ እያንዳንዳቸው እስከ 700 ሜጋባይት፣ እና በዲቪዲ የሚመጡት የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞች ናቸው። ከታወቀ አምራች የተገዛ አንድ እውነተኛ የ64 ወይም የ128 ጊጋባይት ካርድ ለአብዛኞቻችን ከበቂ በላይ ነው፤ ዋጋውም ከሐሰተኛው «2 ቴራባይት» ብዙም አይርቅም።

ይኸው ጉዳይ «10,000 ጌም የተጫነበት» እየተባለ የሚሸጠውን፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን ወይም በእጅ የሚያዘውን መጫወቻም ይመለከታል። በዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ጌም በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ እትሙ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፤ ጌሞቹን ለመሸጥም ሻጩ ከባለመብቶቹ ፈቃድ የለውም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አብሮ የሚመጣው ካርድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ ስም የሌለበት፣ ቶሎ የሚሞት ካርድ ነው። እንዲህ ያለ መጫወቻ ከገዛችሁ፣ ገና ሳትጫወቱበት ካርዱን አውጥታችሁ በዊን32 ዲስክ ኢሜጀር ሙሉ ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያም ቅጂውን ተፈትሾ ባለፈና መጠኑ በማያንስ ካርድ ላይ ጻፉት።

ፕሌይስቴሽን 2 ላላችሁም እንዲሁ። ሶኒ ለዚህ መጫወቻ የሠራው ሚሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ነው። «64» እና «128 ሜጋባይት» ተብለው በርካሽ ከሚሸጡት መካከል ቦታቸው እየሞላ ሲሄድ ሴቭ (የደረሳችሁበትን የጌም ደረጃ የሚያስቀምጠውን ፋይል) የሚያበላሹ አሉ፤ የረጅም ጌም ሴቭ ካላችሁ በሁለት ባለ8 ሜጋባይት ካርዶች ላይ ብታስቀምጡት ይሻላል።

ሐሰተኛውን ካርድ አስቀድማችሁ የገዛችሁ ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ ምንም አትጻፉበት። ያሉትን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡና እያንዳንዱን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ከእውነተኛው ወሰን በፊት የተጻፉት፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈባቸው፣ ሊተርፉ ይችላሉ። የመመለሻው ጊዜ ካላለፈ የፍተሻውን ውጤት ስክሪን ፎቶ አንሥታችሁ፣ ከማስታወቂያው ገጽ ፎቶና ከደረሰኙ ጋር ለሻጩ ብቻ ሳይሆን ለመደብሩም ላኩ። ሻጩ «ግማሹን ገንዘብ ልመልስና ዕቃውን ያዘው» ቢል አትቀበሉ፤ ሙሉው ይመለስላችሁ፣ ቅሬታውም በመዝገብ ይቅር። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ኤፍ3ፊክስ በተባለው መሣሪያ ካርዱን በእውነተኛ መጠኑ መከፋፈል ይቻላል፤ ሆኖም መልሳችሁ ፎርማት ካደረጋችሁት ሐሰቱ ሊመለስ ስለሚችል፣ እውነተኛውን መጠን በማርከር ካርዱ ላይ ጻፉበት፤ የቤተሰብ ፎቶም ሆነ ሌላ ምትክ የሌለው ነገር አታስቀምጡበት፣ ለሌላ ሰውም አትሽጡት።