ስካይላይን ድራይቭ በጥቅምት፦ ለአያትም ለልጅም የሚመች መንገድ

በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ቤተሰቦች፣ «ፎል» እያልን የምንጠራው የቅጠል መርገፊያ ወቅት ሲደርስ ልጆችን ይዘን የት እንውጣ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። እኛ አምና የሄድነው ስሙን ወደማልጠቅሰው የዱባ እርሻ ነበር፤ ለመግቢያ ከፍለን ስንገባ ለእያንዳንዱ ጨዋታ እንደገና ክፈሉ ተባልን፤ አብረውን የሚኖሩት አማቴም የሚቀመጡበት ጥላ አጥተው ከሰዓት በኋላውን መኪና ውስጥ አሳለፉ። ዘንድሮ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንትና አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ በአንድ ቀን እኩል የተደሰቱበትን ቦታ ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ የተራራውን ጀርባ ተከትሎ ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ይዘልቃል፤ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 35 ማይል ነው። ወደ 70 የሚጠጉ መመልከቻዎች ስላሉት፣ አማቴ ከመኪናው ሁለት ርምጃ ያህል ወጣ ብለው የድንጋዩን ግንብ በመደገፍ ሸለቆውን በሙሉ ማየት ቻሉ። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ለሰባት ቀን ያገለግላል፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤተሰብ ግን ለተማሪዎቹ በነፃ የሚሰጠውን የአንድ ዓመት የይለፍ ወረቀት አስቀድሞ ከኢንተርኔት አትሞ ቢይዝ አይከፍልም። እኛም የገባነው በልጃችን ወረቀት ነው፤ ለጥበቃው ሠራተኛ የሰጠችውም ራሷ ነበረች።

ከሁሉ የወደድነው በዚሁ መንገድ 43ኛው ማይል አጠገብ የሚገኘውን ሊምበርሎስት የተባለ የእግር መንገድ ነው። ርዝመቱ 1.3 ማይል ብቻ ነው፤ በደቀቀ ድንጋይ ስለተደለደለና ዳገት ስለማይበዛው በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድም ይመቻል። አማቴ በከዘራቸው ቀስ እያሉ ሲጓዙ፣ ልጆቹ ሳሳፍራስ ከሚባለው ዛፍ ሥር ሦስት ዓይነት ቅርጽ ያለው ቅጠል አገኙ፤ አንዱ እንቁላል የመሰለ፣ ሌላው አውራ ጣት ብቻ እንደተለየበት ጓንት፣ ሦስተኛው ባለ ሦስት ጣት፣ ሁሉም ከአንድ ዛፍ የወደቁ። ቢጫው ቀለም በጋውን ሙሉ በአረንጓዴው ተሸፍኖ የኖረ እንደሆነ፣ ቀዩ ግን ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ከስኳር አዲስ የሚሠራው እንደሆነ ስነግራቸው፣ አማቴ አንዱን ቅጠል በመዳፋቸው ይዘው ጅማቱን በጣታቸው እየተከተሉ «በጽጌ ወር ይረግፋል እንዴ?» አሉኝ። እውነትም በአገራችን አበባው የሚደምቅበት፣ እሳቸውም የጽጌን ጾም የሚጾሙበት ወቅት ነው። ምሳችንም የጾም ነበር፤ ሽሮ ፍርፍር፣ ስልጆና በፔርሙዝ የያዝነው ቡና። ድብ ያለበት ፓርክ በመሆኑ ትራፊውን ሁሉ ሰብስበን መኪና ውስጥ ቆልፈንበታል።

በጥቅምት ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚበዛ፣ የሚችል ሰው በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቢገባ ይሻለዋል። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ቤት ሳሉ ማውረድ ያስፈልጋል። ተራራው ላይ ከሸለቆው ወደ 10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ስለሚቀዘቅዝ ጃኬት አይረሳ፤ እኛ ለልጆቹ ሳንይዝ ሄደን፣ ሁለቱም የአማቴን ጋቢ ተጋርተው ነው የተመለሱት።