በውቅያኖስ ዳርቻ ላለ ትንሽ ግቢ የትኛው ሮዝ ጽጌረዳ? ቲፋኒ፣ ኒውዚላንድ፣ ሜሞሪያል ዴይ እና ቤቨርሊ ሲነጻጸሩ

በአሜሪካዋ የሳን ዲዬጎ ከተማ ከውቅያኖሱ በሁለት ወይም በሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው መዓዛዋ ከበር የምትቀበል ሮዝ ጽጌረዳ መትከል ሲያስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በችግኙ ላይ የተንጠለጠለውን ፎቶግራፍ አይቶ ነው። ፎቶግራፉ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ጨው እና ስለ ነፋስ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ ሃይብሪድ ቲ ከሚባሉት፣ በረጅም ግንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ አበባ ከሚያወጡት የጽጌረዳ ዝርያዎች መካከል በገበያ ላይ የታወቁትን አራቱን እዚህ የማነጻጽረው በዋናነት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ጭጋግ በሰፈነበት ወር እምቡጧ በደህና የምትፈካው የትኛዋ ናት?

ጥያቄው የመነጨው ከወቅቶች አቆጣጠር ነው። በዚህ አካባቢ ጽጌረዳ የሚገረዘው በጃንዋሪ ሲሆን፣ በወሩ አጋማሽ የተገረዘ ተክል የመጀመሪያ አበባውን በኤፕሪል ይሰጣል። የደረቀው አበባ ተቆርጦ ቀጣዩ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ ሁለተኛው ዙር የሚውለው በሜይ መጨረሻ እና በጁን፣ ማለትም ነዋሪው «ሜይ ግሬይ» እና «ጁን ግሉም» እያለ በሚያማርርበት ደመናማ ወቅት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ደመናው ከባሕሩ ላይ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ግቢው ላይ ይተኛል፤ ብዙ ቀን ከእኩለ ቀን በፊት አይገለጥም። የአበባ ቅጠሏ ጥቅጥቅ ያለ እምቡጥ በጤዛው ትረጥብና የውጪዎቹ የአበባ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ከሰዓት ፀሐይዋ ስትወጣ ደርቀው እንደ ብራና ይጠነክራሉ፤ ውስጧ ደግሞ መውጫ አጥቶ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለችውን እምቡጥ በጣት ሲጫኗት ላይዋ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጧ ግን እንደ በሰለ ቲማቲም ይለሰልሳል። አንድ ዓመት በአንድ ተክል ላይ አሥራ አንድ እምቡጦች እንዲህ ሆነው ቆጥሬአለሁ፤ የፈኩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከዚህ በተጨማሪ ሁለት በሽታዎች አሉ። የመጀመሪያው በለጋ ቅጠልና በአበባው አንገት ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነጭ ሻጋታ ሲሆን፣ ቀዝቀዝ ባለና እርጥበት ባዘለ አየር ይስፋፋል፤ ለመብቀል ግን የረጠበ ቅጠል አያስፈልገውም። ሁለተኛው በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ብናኝ የሚያወጣው ዋግ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ በጋው ደረቅ በሆነበት በዚህ አገር ከእነዚህ ከሁለቱ ያነሰ ያስቸግራል።

ወደ ዝርያዎቹ ከመግባቴ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ጊዮ የተባሉት ፈረንሳዊ ያወጧትንና የሃይብሪድ ቲ ሁሉ መጀመሪያ ተደርጋ የምትቆጠረውን ላ ፍራንስን አንሥቼ ልለፍ። መዓዛዋ ግሩም ነው፤ ታሪኳም ያጓጓል። ሆኖም የአበባ ቅጠሏ የበዛ፣ አንገቷ ደካማ፣ በእርጥበት የማትፈካ ስለሆነች ጭጋግ ላለበት ትንሽ ግቢ አልመክራትም። አንድ ሥር ብቻ የሚተክል ሰው በታሪክ ተማርኮ ቦታውን ማባከን የለበትም።

ቲፋኒ ከአራቱ በዕድሜ ትበልጣለች። በ1954 በአሜሪካ ወጥታ በቀጣዩ ዓመት የኦል-አሜሪካ ሮዝ ሴሌክሽንስን ሽልማት አግኝታለች፤ በ1962 ደግሞ የአሜሪካ የጽጌረዳ ማኅበር ለመዓዛ የሚሰጠው የጋምብል ሽልማት ተሰጥቷታል። ቀለሟ ከሥሩ ቢጫ ብልጭታ ያለበት ለስላሳ ሮዝ ነው። የአበባ ቅጠሎቿ ሠላሳ እንኳ የማይሞሉ በመሆናቸው እምቡጧ ረጅምና ሹል ናት፤ በጭጋግም ቢሆን ከብዙዎቹ በተሻለ ትፈካለች። ድክመቷ ሁለት ነው። አንደኛው ሙቀት ወዳድ መሆኗ ነው፤ ከባሕሩ ራቅ ባለ ሰፈር የምትሰጠውን ጉልበት በዳርቻው ላይ አትሰጥም። ሁለተኛው የዕድሜ ጣጣ ነው። የባለቤትነት መብቷ ዘመን ካለፈ ብዙ ስለቆየ ማንም ሊያባዛት ይችላል፤ ለሰባ ዓመታት ያህል ከእጅ ወደ እጅ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ እየተቀጠለች ስትባዛ በመቆየቷም የሞዛይክ ቫይረስ የተሸከሙ ችግኞች አይታጡም። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ የገዛኋት ቲፋኒ በሁለተኛው ወር ቅጠሏ ላይ ቢጫ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር አወጣች። ቫይረሱ በመግረዣ መቀስ ወደ ጎረቤት ተክል እንደማይዛመት ባውቅም፣ ተክሏ በየዓመቱ እየቀነሰች ሄዳ በመጨረሻ ነቅዬ ጣልኋት። ሻጩን ስጠይቅ «የብረት ማዕድን እጥረት ነው» ብሎ ማዳበሪያ ሊሸጥልኝ ሞከረ። የብረት እጥረት የቅጠሉን ሥጋ ያገረጣና ጅማቱን አረንጓዴ ያስቀራል እንጂ መጋዝ አይሥልም።

የኒውዚላንድ እና የሜሞሪያል ዴይ ንጽጽር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ወላጅና ልጅ ናቸው። ኒውዚላንድን ያወጡት ከሰሜን አየርላንድ ወደዚያች አገር በ1972 የፈለሱት ታዋቂው የጽጌረዳ አዳቃይ ሳም ማግሬዲ ሲሆኑ፣ በትውልድ አገሯ አኦቴአሮአ ትባላለች። ሜሞሪያል ዴይን ደግሞ አሜሪካዊው ቶም ካሩዝ ከኒውዚላንድና ከሌላ ዝርያ አዳቅለው አወጧት፤ በ2004 የኦል-አሜሪካን ሽልማት አግኝታለች። መዓዛን በተመለከተ ልጂቱ ወላጇን አሳፍራ አታውቅም፤ ሁለቱም አንድ አበባ በብርጭቆ ቢቀመጥ ክፍሉን ይሞላሉ። የኒውዚላንድ ሽታ ጣፋጭና ማር ማር የሚል ሲሆን፣ የሜሞሪያል ዴይ ግን የጥንቱን የደማስቆ ጽጌረዳ፣ ማለትም የጽጌረዳ ውኃን ያስታውሳል።

ልዩነታቸው በአበባው ቅርጽ ላይ ነው። ኒውዚላንድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆና የአበባ ቅጠሏ መጠነኛ ነው፤ ቀዝቀዝ ባለ አየር አበባዋ ይተልቃል፣ ቅርጿም ይቆያል። በግቢዬ ከፍተኛ ውበቷን የማየው ሌሎቹ በሚያኮርፉበት በጁን ነው። ይሁን እንጂ ነጭ ሻጋታ አንገቷን ይወዳል፤ አየር በማይዘዋወርበት ጥግ ከግድግዳ ጋር ተለጥፋ ከተተከለች እምቡጧ ዱቄት ለብሳ ትወጣለች። ሜሞሪያል ዴይ በአንጻሩ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሮዝ ቀለም፣ ከሃምሳ የማያንስ የአበባ ቅጠልና እሾህ ያነሰበት ግንድ አላት። መተላለፊያው ጠባብ ለሆነና ልጆች ለሚሯሯጡበት ግቢ የእሾኋ ማነስ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ያ ሁሉ የአበባ ቅጠል እንዲፈካ ሙቀት ይፈልጋል። በኤፕሪልና ከጁላይ ጀምሮ ታስደንቃለች፤ በጁን ከአበባዋ ከፊሉ ሳይፈካ ይቀራል። ከላይ የቆጠርኋቸው አሥራ አንድ እምቡጦች የእርሷ ነበሩ።

ቤቨርሊ የጀርመኑ የኮርደስ ቤት ሥራ ናት፤ በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወጣች። ኮርደስ ከ1990 አካባቢ ጀምሮ በሙከራ ማሳው ላይ የሻጋታ መድኃኒት መርጨት አቁሞ ራሱን የቻለውን ተክል ብቻ ሲመርጥ የቆየ ቤት ነው፤ ይህም በቤቨርሊ ቅጠል ላይ በዓይን ይታያል። የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ቅጠል አላት፤ አራት ዓመት መድኃኒት ሳልረጭባት ዋግ ያየሁባት አንድ መኸር ብቻ ነው። መዓዛዋ ብርቱ ሆኖ ወደ ሎሚና ወደ ፍራፍሬ ያደላል፤ የጽጌረዳ ውኃ ሽታ የሚናፍቅ ሰው ግን ቅር ሊለው ይችላል። የእምቡጧ ቅርጽም እንደ ቲፋኒ አያምርም፤ ፈጥና ትከፈትና ክብ ሆና ትቀራለች።

ስለ መዓዛ ካነሣን፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከዝዋይና ከሆለታ ለውጭ ገበያ የሚላከው ጽጌረዳ የሚመረጠው በአመዛኙ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ በሚቆይበት ቀንና መንገድ በመቻሉ ነው፤ በመሆኑም አብዛኛው ሽታው ደካማ ነው። ያን ለምዶ ጽጌረዳ ሁሉ የማይሸት የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል። እዚህ የተነሡት አራቱ ተቃራኒዎች ናቸው፤ መዓዛ አላቸው፣ ተቆርጠው ግን ብዙ ቀን አይቆዩም። ለውጭ ገበያ ከሚላከው ጽጌረዳ ይልቅ የሚቀርቡት፣ በመዓዛ ረገድ ማለቴ ነው፣ በአጥር ሥር ለሚበቅለው ለቀጋችን ነጭ አበባ ነው።

እንግዲህ ግቢው ለባሕሩ የተጋለጠ፣ አየር እንደልብ የሚነፍስበትና ጠዋት ብርሃን የሚያገኝ ከሆነ ኒውዚላንድን እመርጣለሁ። በሦስት ወገን ግድግዳ የተከበበ፣ አየር የማይዘዋወርበት ከሆነ፣ ወይም ገዢው መድኃኒት መርጨት የማይሻ ከሆነ ቤቨርሊ ትሻላለች። ከባሕሩ አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ለሚኖርና ደመናው ቀደም ብሎ ለሚገለጥለት ሰው ሜሞሪያል ዴይ ተወዳዳሪ የላትም። ቲፋኒን የምመክረው ለቅርጿ ለሚሰስት ሰው ነው፤ እርሱም ቅጠል ያወጣች ችግኝ መርጦ፣ የቫይረሱ ቢጫ መስመር እንደሌለባት አይቶ ይግዛ።

ከቲፋኒ በስተቀር የትኛዋም ብትመረጥ፣ በጃንዋሪ ሥሯ ከአፈር ተራቁቶ የሚሸጠውን አንደኛ ደረጃ ችግኝ መግዛት ይሻላል፤ በአንደኛ ደረጃ ቢያንስ ሦስት ወፍራም ቅርንጫፎች ሊኖሩ ይገባል፤ ሥሩንም በዓይን ማየት ይቻላል። በሳን ዲዬጎ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለውን ጨው ዓመቱን ሙሉ የሚያጥበው ዝናብ 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠልቆ እስኪወርድ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ ጨው ተከማችቷል ማለት ነው። በአበባ መትከያ ለሚያሳድግ ሰው ከ55 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ፣ ከታች በደንብ የተበሳ ይበቃዋል። ለመግዛት ያልቸኮለ ሰው ደግሞ በከተማዋ ባልቦአ ፓርክ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ያለውን የኢኔዝ ግራንት ፓርከር የጽጌረዳ ሥፍራ በጁን አጋማሽ፣ ደመናው ሳይገለጥ ይጎብኝ፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ በዚያ ሰዓት የትኛዋ እምቡጥ እንደ ፈካችና የትኛዋ እንደ ተጣበቀች በዓይኑ ያያል።