ለወላጆችና ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፦ «ዩዝ ሜንታል ኸልዝ ፈርስት ኤይድ» ሥልጠና ምን ይሰጣል፣ ምን ይጎድለዋል?

አሜሪካ ያሉ የእኛ አብያተ ክርስቲያናት፣ ዕድሮችና የወላጅ ማኅበራት «ስለ ልጆቻችን ጭንቀትና ድብርት አንድ ነገር እናድርግ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላቸው ይህ ሥልጠና ነው፤ ስሙ «ለወጣቶች የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ» ማለት ነው። ሐሳቡን በ2000 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የጀመሩት ቤቲ ኪችነርና አንቶኒ ጆርም ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ የሚመራው ናሽናል ካውንስል ፎር ሜንታል ዌልቢዪንግ የተባለው ድርጅት ነው። የሚሠለጥኑት ልጆቹ ሳይሆኑ በዙሪያቸው ያሉ አዋቂዎች ናቸው።

ሥልጠናው ጥሩ ነው፤ ጊዜ ቢሰጡት አያስቆጭም። ነገር ግን ማኅበሩ ከትምህርት ቤትና ከክሊኒክ ጋር አስቀድሞ ካልተስማማ፣ የሠለጠነው ሰው ልጁን የሚያደርስበት ቦታ አይኖረውም። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በአካል ሲሰጥ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። በቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ትምህርት ለብቻ አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል፤ እሱን ያልጨረሰ ሰው ወደ ዋናው ክፍል አይገባም። መሐል ላይ ጥሎ ለወጣም የምስክር ወረቀት አይሰጥም። ክፍያው እንደ አዘጋጁ ይለያያል፤ በነፃ የሚሰጡ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች ስላሉ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይገባል።

የትምህርቱ ልብ አምስት እርምጃዎች ናቸው፦ ራስን የማጥፋት ወይም የመጉዳት አደጋ መኖሩን ማጣራት፣ ሳይፈርዱ ማዳመጥ፣ ማጽናናትና ትክክለኛ መረጃ መስጠት፣ ወደ ባለሙያ እንዲሄድ ማበረታታት፣ ራሱን የሚያግዝበትንና የሚደግፉትን ሰዎች አብሮ መፈለግ። ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። ብዙ ወላጅ «ስለ ሞት ከጠየቅሁት ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» ብሎ ይፈራል፤ ጥናቶች ግን ይህን ፍርሃት አይደግፉም። ሥልጠናው ጥያቄውን ድምፅ አውጥቶ ያለማምዳል። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» የተባለ ልጅ መልሱ «አላስብም» ነው፤ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ሲባል ግን እውነቱን ለመናገር በር ይከፈትለታል። ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ መጠየቅ ነው፤ እንግሊዝኛ ከሆነም በእንግሊዝኛ። «አዎ» ካለ፣ በምን እና መቼ ብሎ እንዳሰበ ይጠየቃል፤ ብቻውን አይተውም፤ ራስን ስለ ማጥፋትና ስለ ከባድ ጭንቀት እርዳታ ወደሚሰጠው መስመር 988 ይደወላል፤ ሕይወቱ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ ወደ ድንገተኛ አደጋ መስመር 911።

ስለ 988 ወላጆች ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ይህ መስመር በስልክ ለሚደውል ሰው አስተርጓሚ ያስገባል፤ የጽሑፍ መልእክቱ ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ቴክስት ማድረግ ይችላል፤ አማርኛ የሚቀናት እናት ግን መደወልና መጀመሪያ «አምሃሪክ» ማለት ይኖርባታል።

የሥልጠናው ድክመት ምሳሌዎቹ ላይ ነው። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ «ጨንቆኛል» አይሉም፤ ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ እያሉ ከትምህርት ይቀራሉ። ጸበልና የንስሐ አባትም በትምህርቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። አሠልጣኙ መመሪያውን መቀየር አይፈቀድለትም፤ በውይይቱ ሰዓት ግን ይህን ማንሳት ይቻላል፣ መነሳትም አለበት። ካህን ሥልጠናው ላይ እንዲገኝ አጥብቀን እንመክራለን፤ «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም አታቋርጥ» የሚል አባት የሚሰማውን ያህል በራሪ ወረቀት አይሰማም።

ከትምህርት ቤትና ከክሊኒክ ጋር የሚደረገው ስምምነትስ? ሁለት ገጽ ይበቃል። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) በሥራ ድርሻውና በስልኩ ይጻፍ፤ በሰመር ዕረፍት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማን እንደሚተካውም እንዲሁ። ከክሊኒኩ በኩል ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) መቀበሉ፣ የመጀመሪያ ቀጠሮ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ አስተርጓሚ ማን እንደሚያቀርብ ይስፈር። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ልጅን ለገዛ ወላጁ ማስተርጎም አይገባም። ከተማው ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፤ አስተርጓሚው የጎረቤት ዘመድ ሆኖ ሲገኝ ልጁ አፉን ይዘጋል። በስልክ፣ ከሌላ ስቴት የሆነ አስተርጓሚ ይጠየቅ።

ወላጅ ሳያውቅ ልጁ ሕክምና ማግኘት ይችላል ወይ የሚለው እንደየስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ባለሙያው ብስለቱን ካመነበት ከ12 ዓመት ጀምሮ ልጁ ራሱ ለምክር አገልግሎት መስማማት ይችላል። ይህን ወላጆች አስቀድመው ይስሙት፤ በኋላ ሲሰሙት ተከዳን ብለው ይሸሻሉ።

ስምምነቱ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በአንድ ሰው ላይ ስለተንጠለጠለ ነው፤ ካውንስለሩ ሲለቅ ስልኩም ይሞታል። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ቁጥሮቹን እየደወሉ ማጣራት ነው መፍትሔው። ማስታወቂያውም ዐውደ ምሕረት ላይ «ለአእምሮ ሕመም» ተብሎ ከተነገረ ሰው አይመጣም፤ «ለወላጆች ሥልጠና» ይበቃል። ሠልጣኞች ልጁ የነገራቸውን ቡና ላይ እንዳያወሩ በጽሑፍ ይፈርሙ፤ የሕይወት አደጋ ሲኖር ብቻ ለማን እንደሚነገር አብሮ ይጻፍ።

ለወጣቶቹ ለራሳቸው የተዘጋጀ ሌላ ሥልጠናም አለ፤ ወይ ሦስት የ90 ደቂቃ ወይ ስድስት የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው። የአዋቂዎቹ ይቅደም፤ ልጅ ስለ ጓደኛው ሊነግር ሲመጣ የሚቀበለው የሠለጠነ አዋቂ መኖር አለበትና።

የምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። የሥልጠናው ቦታ ለጥቂት ሰው ብቻ ከሆነ ከኮሚቴው ሊቀመንበር በፊት ልጆቹ በራሳቸው ፈቃድ የሚያናግሩት ሰው ይላክ፤ የመዝሙር አስጠኚዋ፣ የኳስ አሠልጣኙ፣ በቫን የሚያመላልሳቸው ሰው።